ጠመንጃ፣ ገጠርና ጎረቤት፦ የኢላማ ተኳሾች የመሬት ፍለጋ ታሪክ

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ በሚኖሩ ብዙ ሰዎች ልብ ውስጥ አንድ የታወቀ ምኞት አለ። ቤትን ሸጦ፣ የባንክ ዕዳን ዘግቶ፣ ከአውራ ጎዳና የራቀ ሃያ ኤከር ያህል መሬት መግዛት፤ ከኮረብታው ሥር አፈር ቆልሎ ኢላማ መትከል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቡና በኋላ ማንንም ሳያስፈቅዱ መተኮስ። እነዚህ ሰዎች አዳኞች አይደሉም፣ ወታደሮችም አይደሉም። አንዳንዱ ሰው ዓሣ በማጥመድ፣ ሌላው በመሮጥ እንደሚዝናና ሁሉ እነርሱም ኢላማ በመምታት የሚዝናኑ ናቸው። የወረርሽኙ ዓመት የነበረው 2020 ይህን ምኞት ይበልጥ አባባሰው። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከጦር መሣሪያ ጋር በተያያዘ ያካሄደው የማንነት ማጣሪያ ከ39 ሚሊዮን በላይ ነበር። እያንዳንዱ ማጣሪያ አንድ ሽያጭ ማለት አይደለም፤ የመንፈሱን አቅጣጫ ግን ያመለክታል።

ምኞቱን ከአገሬ ልጆችም አንደበት ሰምቼዋለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዳ አንድ ወዳጄ በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሬት የመግዛት ሐሳቡን ሲያጫውተኝ፣ “ከፖለቲካውም ከጎረቤቱም እገላገላለሁ” አለኝ። እርሱ ቃሉን እንደ ዋዛ ነበር የወረወረው፤ እኔ ግን እንደ ዋና ቁም ነገር ወሰድሁት። ለመዝናናት የሚተኩሱ ሰዎች ከከተማ ወደ ገጠር ያደረጉት ጉዞ ከ160 ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለው፤ በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ግን ከፖለቲካም ከጎረቤትም የተገላገለ ተኳሽ አላገኘሁም። (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ለእኛ ጆሮ

ጠመንጃ ይዞ ወደ ገጠር የሚሰፍር ሰው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ የዘመተው የአፄ ምኒልክ ወታደር አገልግሎቱ በብር ሳይሆን በገባር ይከፈለው ነበር፤ መጠሪያውም ከያዘው ነፍጥ ተወስዶ ነፍጠኛ ተባለ። የገባር ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሕግ ተሻረ፤ ጭሰኝነትም በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አከተመ። ቃሉ ግን ዛሬም በፖለቲካችን መድረክ ለአንዱ ስድብ፣ ለሌላው ኩራት ሆኖ ይኖራል።

ይህን የማነሣው የአሜሪካውን መዝናኛ ተኳሽ ከነፍጠኛው ጋር ለማመሳሰል አይደለም። አንዱ የዘመተው ለመንግሥት ነው፤ ሌላው ለቅዳሜ ጠዋቱ ደስታ ከገዛ ኪሱ የከፈለ ሰው ነው። ነገር ግን የእኛ ታሪክ አንድ ጥያቄ አስተምሮናል፤ ጠመንጃና መሬት በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ “ከዚህ ቀድሞ የነበረው ማን ነው?” ብሎ መጠየቅን። እስቲ ይህን ጥያቄ ይዘን ባሕር እንሻገር።

ከዊምብልደን እስከ ክሪድሙር

የኢላማ ተኩስን የሕዝብ መዝናኛ ያደረገው የጦርነት ፍርሃት ነው። ፈረንሳይ ትወርረናለች የሚለው ስጋት በ1859 በብሪታንያ የበጎ ፈቃድ ወታደሮችን አስነሣ፤ በዚያው ዓመትም ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበራቸው ተመሠረተ። በሐምሌ 1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ለንደን አጠገብ በሚገኘው የዊምብልደን መስክ ተገኝተው የመጀመሪያውን ጥይት ተኮሱ። ጠመንጃው አስቀድሞ በማቆሚያ ላይ ተጠምዶ ተስተካክሎ ስለ ነበር፣ ንግሥቲቱ የሳቡት ከቃታው ጋር የታሰረውን የሐር ገመድ ብቻ ነበር። ጥይቱ በ400 ያርድ ርቀት ከኢላማው እምብርት አጠገብ አረፈ።

ዊምብልደን ያን ጊዜ የከተማ ጠርዝ ነበር። ሆኖም ለንደን እንደ ጎርፍ ትስፋፋ ነበርና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ቤቶቹ ሜዳውን ከበቡት፤ ኢላማውን የሳተ ጥይት የት ያርፋል የሚለው ጭንቀትም አየለ። ማኅበሩ በ1890 ጓዙን ጠቅልሎ ሰሪ በተባለው አውራጃ ወደሚገኘው ወደ ቢዝሊ ተሰደደ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ተኳሾቹን ወደ ገጠር የገፋቸው የጎረቤት መምጣት ነበር ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ የብሪታንያን ምሳሌ የተከተሉት የእርስ በርስ ጦርነታቸው ካበቃ በኋላ ነው። ዊሊያም ቸርችና ጆርጅ ዊንጌት የተባሉት የሰሜኑ ጦር መኮንኖች የወታደሮቻቸው የተኩስ ችሎታ ደካማነት አሳስቧቸው በ1871 በኒው ዮርክ የራሳቸውን ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር አቋቋሙ። በማግሥቱ ዓመት ከክፍለ ግዛቱ መንግሥት በተገኘ የገንዘብ ድጋፍ በሎንግ አይላንድ ደሴት የክሪድ ቤተሰብ እርሻ የነበረ መሬት ተገዛ፤ ሜዳውም ክሪድሙር ተባለ። በ1874 ከአየርላንድ የመጣ ቡድን ከአሜሪካኖች ጋር ሲወዳደር በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቶ ተመለከተ። አሜሪካኖቹ ያሸነፉት 934 ለ931 ነበር፤ ያውም አንዱ አየርላንዳዊ ተሳስቶ የሌላውን ኢላማ ስለ መታ ነው። በሦስት ነጥብ የተገኘው ይህ ድል የጠመንጃ ውድድርን በአንድ ቀን የጋዜጣ ወሬ አደረገው።

ነገር ግን መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ይነሣል። በ1880 ኒው ዮርክን ያስተዳድር የነበረው አሎንዞ ኮርኔል ለተኩስ ሥልጠና ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው ብሎ ያምን ነበርና ድጋፉ ደረቀ። በ1890 መሬቱ ለክፍለ ግዛቱ ተመለሰ፤ ውድድሩ በ1892 በኒው ጀርሲ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ሲ ገርት፣ በ1907 ደግሞ በኤሪ ሐይቅ ዳር ወደ ተሠራው ወደ ካምፕ ፔሪ ተዛወረ። ዛሬ በክሪድሙር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለ፤ በአካባቢው ካሉት መንገዶች አንዱ በታዋቂው ጠመንጃ ዊንቸስተር ስም ይጠራል። ዊምብልደንን ያዘጋው ጎረቤት ነበር፤ ክሪድሙርን ያዘጋው ፖለቲካ። ወዳጄ እገላገላቸዋለሁ ያላቸው ሁለቱ ነገሮች እነዚሁ ናቸው።

ያልተፈጸመው ስደት

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ታቅዶ የቀረው ስደት ነው። የማኅበሩ መሪዎች በሃምሳዎቹ ዓመታት በዋሽንግተን ባሠሩት ሕንፃ ፊት ዓላማቸውን ሲያስነብቡ የጠቀሱት የመሣሪያ ደኅንነትን፣ የተኩስ ሥልጠናንና የመዝናኛ ተኩስን ነበር። የኬኔዲ ወንድማማቾችና የማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ በ1968 የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግን ካስከተለ በኋላ በማኅበሩ ውስጥ ሁለት ወገኖች ተፈጠሩ። አንደኛው ወገን ከዋሽንግተን ንትርክ ርቆ ወደ አደን፣ ወደ ኢላማና ወደ ተፈጥሮ ጥበቃ መመለስ ፈለገ። ለዚህም በ1973 በኒው ሜክሲኮ፣ ራቶን በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ከ33,000 ኤከር በላይ መሬት ተገዛ፤ ዋናውን ጽሕፈት ቤትም ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ለማዛወር ታቀደ። ሃያ ኤከር የሚመኘው ግለሰብ ሕልም በማኅበር ደረጃ ሲታለም ይህን ይመስላል።

ሁለተኛው ወገን ይህን እንደ ሽሽት ቆጠረው። መሪው የድንበር ጥበቃ ኃላፊ የነበረው ሃርሎን ካርተር ነው። የዚህ ወገን ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም፤ ሕግ የሚወጣው በዋሽንግተን ነው፣ በዋሽንግተን የተሸነፈ ሰው በራቶንም ኢላማ አይኖረውም የሚል ነበር። በግንቦት 1977 በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገው ዓመታዊ ጉባኤ እነዚህ አባላት ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩና ድምፅ ሲሰጡ አድረው ነባሮቹን መሪዎች አወረዱ፣ ካርተርን ሾሙ፣ የኮሎራዶውንም ዕቅድ ሰረዙ። ጽሕፈት ቤቱ በዘጠናዎቹ ዓመታት ከዋሽንግተን ሲወጣ እንኳ የተጓዘው እዚያው አፍንጫ ሥር እስካለችው እስከ ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ ድረስ ብቻ ነው። የራቶኑ መሬት ግን የተኩስ ሜዳ ሆኖ ቀረ።

በእኔ ግምት ከዚያች ሌሊት ወዲህ የአሜሪካ መዝናኛ ተኳሽ ሁለት ማንነት ተሸክሞ ይኖራል። እርሱ ቅዳሜውን በኢላማ ፊት ማሳለፍ ይፈልጋል፤ በስሙ የሚናገሩት ድርጅቶች ግን ያለማቋረጥ ዘመቻ ላይ ናቸው። በገጠር አጥሩ ላይ የሚሰቅለው ባንዲራና የመኪናው ተለጣፊ ጽሑፍ፣ ወደደም ጠላም፣ ለጎረቤቱ የፖለቲካ መግለጫ ሆነው ይነበባሉ።

ባዶ የመሰለው መሬት

አሁን ከታሪካችን ወደ ተማርነው ጥያቄ ልመለስ። ራቶን አጠገብ ያ ሁሉ ሺህ ኤከር ሲገዛ፣ ቀድሞ የነበረው ማን ነበር?

በመጀመሪያ የሂካሪያ አፓቼና የዩት ሕዝቦች። ከዚያ በ1841 የሜክሲኮው አገረ ገዥ ማኑኤል አርሚሆ ያን ሰፊ ምድር ለሁለት ሰዎች በስጦታ ጻፈላቸው፤ ቆይቶም ማክስዌል በተባለ ባለሀብት እጅ ገባ። እርሱ በ1870 ለውጭ ባለገንዘቦች ሸጠው፤ ስፋቱም 1.7 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነው ተባለ። ኩባንያው “መሬቱ የእኔ ነው” ብሎ ሰፋሪዎቹን ገበሬዎች፣ ከብት አርቢዎችና ወርቅ ቆፋሪዎች ማስወጣት ሲጀምር የኮልፋክስ ጦርነት የሚባለው ደም መፋሰስ ተነሣ። በ1875 ከሰፋሪዎቹ ጎን የቆመው ቄስ ፍራንክሊን ቶልቢ በጥይት ተገደለ። በ1887 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ፤ የሂካሪያ ሕዝብ ደግሞ በዚያው ዓመት ከአባቶቹ ምድር በስተምዕራብ ርቆ በሚገኝ ክልል እንዲሰፍር ተደረገ። ከዚያ በኋላ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መጡ፣ እነርሱም ሄዱ። የኢላማ ሜዳው የተዘረጋው ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ባዶ ገጠር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሰዎች እንዲለቁት የተደረገ ገጠር ነው።

ቀድሞ የመጣ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ዛሬ በፍርድ ቤትም ይነሣል። የቤት ሠሪዎች ወደ ገጠር ሲገፉና አዲስ ነዋሪዎች በተኩስ ድምፅ ሲማረሩ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተኩስ ሜዳዎችን ከድምፅ ክስ የሚከላከሉ ሕጎች አወጡ። የብዙዎቹ መንፈስ ግልጽ ነው፤ ሜዳው ቀድሞ ነበር፣ አንተ ኋላ መጣህ፣ ስለዚህ ቻለው። ተኳሾቹ በዊምብልደን የደረሰባቸው እንዳይደገም የሠሩት አጥር ነው፤ ለቀደሙ ሜዳዎችም ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ነገር ግን መከራከሪያው በሁለት ወገን የተሳለ ነው። ዛሬ ሃያ ኤከር ገዝቶ ወደ ገጠር የሚሄደው ተኳሽ ራሱ ኋላ የመጣ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለችው አሮጊት በዚያ ኮረብታ ሥር ስድሳ ዓመት ኖራ ሊሆን ይችላል። “ቀድሞ የመጣ ይከበር” ካልን መከበር ያለባት እርሷ ናት።

ቁጥሩንም ልብ እንበል። ሃያ ኤከር አራት ጎኑ እኩል ቢሆን እያንዳንዱ ጎን 285 ሜትር ያህል ነው። ከትንንሾቹ አንዷ የሆነችው ባለ 22 ካሊበር ጥይት እንኳ ኢላማዋን ከሳተች ከአንድ ማይል፣ ማለትም ከ1,600 ሜትር በላይ ልትጓዝ ትችላለች። የአንድ ጠመንጃ ተኩስ ከተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ140 ዴሲቤል ይበልጣል። ስለዚህ በሃያ ኤከር የተገዛው ብቸኝነት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ጥይቱም ድምፁም የካርታ ድንበር አያውቁም። ጎረቤትን የሚጠብቀው ከኢላማው ጀርባ በወጉ የተቆለለው አፈርና የተኳሹ ኅሊና ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። የአሜሪካ ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ታክስ ይሰበስባል፤ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለአዳኞች ትምህርት ለክፍለ ግዛቶች ይከፋፈላል። በ2019 የወጣ ማሻሻያ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች በዚህ ገንዘብ የሕዝብ የተኩስ ሜዳ እንዲሠሩ ነገሩን አቅልሎላቸዋል። ይህ ከክሪድሙር የመጀመሪያ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ ሜዳው የጋራ፣ ደንቡ የታወቀ፣ ቅሬታ ያለውም ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ያለው። ለብቻ ከሚያዝ ሃያ ኤከር ይልቅ በጋራ የሚያዝ አንድ በቅጡ የተሠራ ሜዳ ለተኳሹም ለጎረቤቱም የተሻለ ይመስለኛል። የግድ በግል መሬቴ ላይ የሚል ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ጥይት ከመተኮሱ በፊት የጎረቤቱን በር ያንኳኳ፤ ሰዓቱን ይነጋገር፣ የአፈር ክምሩን ወስዶ ያሳይ። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” ያሉት አባቶቻችን ያለ ነገር አይደለም።

እኛ ከነፍጥና ከመሬት ታሪክ ቁስል ይዘን የወጣን ሰዎች፣ በሄድንበት አገር ሁሉ መሬት ስንይዝ ቀድሞ የነበረው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ያምርብናል። ጥያቄው ባለመጠየቁ የተከፈለውን ዋጋ እኛም እናውቃለን፣ የኮልፋክስ ሰፋሪዎችም ያውቁ ነበር።

ቸር ይግጠመን።