ወረንጦና የዓይን ሕክምና በብቸናና በሞጣ

የዓይን የውጭ ሕክምና የሚባለው፣ የታመመውን ዓይን በሚጠጣ መድኃኒት ሳይሆን በመንቀል፣ በመኳል፣ በማጠብና በመብጣት ለመፈወስ የሚደረግ ጥበብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ቀድሞ የብቸናና የሞጣ አውራጃ ይባል በነበረው አገር፣ ኩሉና ጸበሉ፣ በደብተራዎች እጅ የነበረው የመድኃኒት መጽሐፍም ሳይዘነጋ፣ ከዚህ ጥበብ መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ከሕመምተኛው ሳይለይ የኖረው፣ ሴቶች በአንገታቸው ክር የሚያንጠለጥሉት ወረንጦ ነው።

ወረንጦን አስፈላጊ ያደረገው ሕማም ትራኮማ፣ በሕዝቡ አነጋገር የዓይን ማዝ ነው። መንሥኤው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆን፣ ለይተው በማውጣት የሚታወቁት ቻይናዊው ሊቅ ታንግ ፌይፋን ሥራቸውን በ1957 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሕማሙ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን እየተላለፈ ደጋግሞ ሲመላለስ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳውም ሲኮማተር ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይወጋል፣ በመጨረሻም ብርሃነ ዓይንን ያጠፋል። በ2005–2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት 62.6 ከመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል።

ወረንጦ የሚወጋውን ጸጉር ነቅሎ ሥቃዩን ያስታግሣል፤ ሆኖም የቆቡን ጠባሳ ስለማያቀና ጸጉሩ መልሶ ይበቅላል። በክልሉ ከስድስት ያነሰ ጸጉር የታጠፈባቸው 1,300 ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፍለው ለሁለት ዓመት ሲታዩ፣ በሠለጠነ እጅና በጥሩ ወረንጦ ከተነቀለላቸው 13.2 ከመቶው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደግሞ 2.2 ከመቶው ብቻ ሕመማቸው ጸንቷል፤ በማየት ኃይላቸው ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ወረንጦ ከሐኪም ርቆ ለሚኖር ሰው ከንቱ መሣሪያ አልነበረም። ቅንድብን በምላጭ መብጣት ግን ቁስል ከመጨመር በቀር አይፈውስም፤ አንዱን የኩል መኳያ ብዙ ሰው ሲጠቀምበትም ሕማሙን ያዛምታል።

የሕማሙን ሥር የነካው ሥራ ከሞጣ አጠገብ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ በ2006 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየዓመቱ ለመላው ነዋሪ በታደለባቸው መንደሮች፣ ከ9 ዓመት በማይበልጡ ሕፃናት ላይ 41.9 ከመቶ የነበረው የተሕዋሱ መገኘት በ42 ወር ወደ 1.9 ወርዷል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብና የመጸዳጃ ቤት መኖር ከመድኃኒቱ ጋር ሲተባበሩ፣ በእናት አንገት የተንጠለጠለው ወረንጦ ለልጅ ልጅ የማያስፈልግ ቅርስ ሊሆን ይችላል።