ሸክሙና ተሸካሚው፤ ከመቅደላው መድፍ እስከ ዛሬው አውቶሞቢል

ሰው አንድን አውቶሞቢል በተመለከተ ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው በላይኛው አካል ላይ ነው። የቀለሙ ድምቀት፥ የመብራቱ ቅርጽ፥ የበሩ አሠራር ይደነቃል፤ የሚመሰገነውም እርሱ ነው። ሸክሙን ሁሉ ችሎ፥ የመንገዱን ጉድጓድና ጉብታ ተቀብሎ የሚሄደው ግን ከሥር ያለው ብረት ነው። የመኪና ባለሙያዎቻችን ይህን ብረት «ሻንሲ» ይሉታል። በእርሱና በመንኰራኵሩ መካከል ሆኖ ንውጥውጥታውን የሚያለዝበውን ድርብርብ ብረት ደግሞ ከኢጣሊያኖች በወረስነው ቃል «ባሌስትራ» ብለው ይጠሩታል።

በዘመናችን በአሜሪካና በአውሮፓ የጥንት አውቶሞቢል የሚወዱ ሰዎች የላይኛውን አካል እንደ ነበረ ትተው፥ የታችኛውን ሻንሲና ባሌስትራ አውጥተው በአዲስ ይተኩታል። ይህ ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ከእኛ የራቀ የባለጠጎች ጨዋታ ይመስላል። ነገሩን ከመሠረቱ የመረመርነው እንደ ሆነ ግን፥ ጥያቄው በአገራችን፥ ይልቁንም በወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ፥ ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሆኖ እናገኘዋለን።

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ቦረና፥ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ የዚያን አገር ጠባይ ያውቀዋል። ደጋው ሜዳ መስሎ ይዘረጋና ሳይታሰብ በገደል ይቆረጣል። ዐባይና በሺሎ አገሩን በጥልቅ ሸለቆ ከብበውታል። በዚህ አገር ዕቃ የሚጭን ሰው፥ የሚጭነው በበቅሎም ይሁን በካሚዮን፥ ሦስት ነገር አብሮ ማሰብ ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ሸክሙን፥ ተሸካሚውንና መንገዱን ነው። ከሦስቱ አንዱ የተለወጠ እንደ ሆነ የቀሩት ሁለቱም ለውጥ ይጠይቃሉ። ይህን ሕግ ከማንም አስቀድሞ በግልጥ የተማሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። እነ ዋልድማየር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የእጅ ሥራ እየሠሩ ወንጌልን ለማስተማር እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም፤ ነገር ግን ትእዛዙን እምቢ ለማለት አልተቻላቸውም። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ታላቅ የሆነው መድፍ በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በተጠራው ከተማ «ሴባስቶፖል» ተባለ። ክብደቱም ወደ 70 ኩንታል ይጠጋ ነበር። ይህን የሚያህል ሸክም በበቅሎ ጀርባ ቀርቶ በዚያ ዘመን በአገሩ በነበረ በማናቸውም ማመላለሻ የሚነሣ አልነበረም። ስለዚህ ባለ እጆቹ ለመድፉ ሠረገላ መሥራት ነበረባቸው። ሠረገላው ከተሠራ በኋላ ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ መንገድ መቅደድ ግድ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። በቀናት የሚቆጠረው የእግር መንገድ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ሠራዊቱ ዐለት እየፈለጠ፥ ዛፍ እየቈረጠ፥ ገደሉን እየደለደለ መንገድ ሠራ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሠረገላውን ዳገት ሲሆን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ይስቡታል፤ ቍልቍለት ሲሆን ደግሞ ከኋላ ሆነው በገመድ ይይዙታል። እንዲህ እየሆነ ጨጨሆን አልፎ፥ የጂዳን ገደል ወርዶ ወጥቶ፥ ደላንታን አቋርጦ፥ በሺሎን ተሻግሮ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ።

እንግዲህ አስተውል፤ ዛሬ አንድ የመኪና ባለሙያ «ፍሬን» የሚለውን ሥራ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የሰው ክንድ ነው። ዛሬ «ባሌስትራ» የሚለውንም ሥራ የሠራው የተስተካከለው መንገድ ነው። ሠረገላው ንውጥውጥታን የሚችልበት ብልሃት ስላልነበረው መሬቱ ራሱ እንዲለዝብ ተደረገ ማለት ነው።

በዚያው ወራት እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ወደብ ከዙላ ተነሥተው ወደዚያው ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። ጄኔራል ናፒየር የያዙት ሠራዊት 13,000 ያህል ነበር። እርሳቸውም ከባድ መድፍ ነበራቸው፤ ነገር ግን ሸክሙን ከመንገዱ ጋር ለማስማማት ሌላ ዘዴ መረጡ። ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥተው መድፎቹን ነጣጥለው በዝሆን ጀርባ ጫኑ፤ ቀላሎቹን መድፎች ደግሞ በበቅሎ አደረጉ። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገዱን ለሸክሙ ሲሠሩ፥ ናፒየር ሸክሙን ለመንገዱ ከፋፈሉት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፥ እንግሊዞች ጂዳንና በሺሎን በተሻገሩ ጊዜ በብዙ ድካም የተቀደደው የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ለእነርሱ ጕዞ ማቅለያ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ያን ያህል የተደከመለት መድፍ የጦርነቱን ዕድል አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግስት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ዛሬ ወደ መቅደላ አምባ የሚወጣ ሰው ሴባስቶፖልን ያያል። አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ያን 70 ኩንታል ተሸክሞ ከጋፋት መቅደላ ያደረሰውን ሠረገላ ግን የሚያይ የለም። የተሸከሙት እንጨትና ብረት የት እንደ ወደቁ ያሰበበት አልነበረምና፥ የተጫነው ሲታወስ የተሸከመው ተረሳ። የዛሬው ንግግራችን ነገርም ይኸው ነው።

አውቶሞቢልም ከሠረገላ የተወለደ ነው። በእንግሊዝ አገር ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1804 ለሠረገላ የሚሆን ድርብርብ ባሌስትራ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘ። ብልሃቱ አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት ነው፤ አንድ ወፍራም ብረት የማይችለውን፥ የተደራረቡት ስስ ብረቶች ተካፍለው ጐበጥ ቀና እያሉ ይችሉታል። አውቶሞቢል በተፈጠረ ጊዜ ይህንኑ ባሌስትራ ወረሰ፤ በእርሱም ላይ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚ ተያይዘው እንደ መሰላል ተዘረጉ። ሞተሩም አካሉም የሚቀመጠው በዚህ መሰላል ላይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሌይ አውቶሞቢልም የተሠራው ሻንሲውና አካሉ ለየብቻ በሆኑበት በዚያ ዘመን ነው። ኋላ ላይ የኢጣሊያው ላንቺያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው ላምዳ በተባለ አውቶሞቢል አካሉ ራሱ ሸክሙን እንዲችል ተደረገ፤ ቀስ በቀስም የቤት መኪናዎች አብዛኞቹ ያን መንገድ ተከተሉ። የጭነት መኪናዎች ግን እስከ ዛሬ መሰላሉን አልተዉም።

ሻንሲና አካል ለየብቻ የሆኑ እንደ ሆነ አንዱን ከሌላው መለየትና መለዋወጥ ይቻላል። ይህንም አገራችን በሚገባ ታውቀዋለች። ኢጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወሩ ያመጧቸው ካሚዮኖች፥ ከእነርሱም አንዱ በአገሩ ሰዎች አፍ «ዝሆን» የተባለው ፊያት 634፥ ከወራሪው መባረር በኋላ ብዙ ዘመን አገልግለዋል። በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ሥራ ሲጀመር የተሠራባቸው ኢጣሊያኖች ትተዋቸው የሄዱ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ነበሩ። በእኛ ዘመን ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ መንገድ የሚመላለሰውን «ቅጥቅጥ» የማያውቅ የለም። ቅጥቅጥ ማለት ለዕቃ በተሠራ የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ላሜራ ቀጥቅጠው የሰው መጫኛ አካል ያቆሙበት አውቶቡስ ነው።

በዚህም ላይ የመቅደላው ሕግ ይሠራል። ባሌስትራው የተለካው ለኩንታል እህል እንጂ ለሰው አይደለምና፥ ተሳፋሪው ጥቂት በሆነ ጊዜ መኪናው ያናውጣል፤ ጣራው ላይ ዕቃ የተከመረ እንደ ሆነ ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በመጠምዘዣ ላይ ይዘምማል። ሸክሙ ሲለወጥ ተሸካሚው አብሮ ያልተለወጠ እንደ ሆነ ዕዳውን የሚከፍለው መንገደኛው ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። የጥንት አውቶሞቢል ወዳጆች የሚሠሩት የዚህን ግልባጭ ነው፤ ቅጥቅጥ በአዲስ ሻንሲ ላይ አዲስ አካል ሲያቆም፥ እነርሱ የቆየውን አካል በአዲስ ሻንሲ ላይ ያስቀምጡታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ ሸቭሮሌት የኋላ መንኰራኵሮቹ በአንድ ድፍን አክስል የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይናወጣል። ፍሬኑም በከበሮ ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ረጅም ቍልቍለት ላይ ሲሞቅ ይደክማል። አዲሱ ሻንሲ እያንዳንዱ መንኰራኵር ለብቻው የሚንቀሳቀስበት፥ በጥቅል ሽቦ የሚለዝብ፥ በዲስክ ፍሬን የሚቆም ነው። መኪናው በመልኩ የአያት፥ በአካሄዱ የልጅ ልጅ ይሆናል። ከገደል አፋፍ ላይ የሚነዳ ሰው የዚህን ጥቅም ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ከዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የመዝገብ ቤት ሰው ከማንም ይልቅ የሚረዳው ጥያቄ ነው። ያ መኪና ያው መኪና ነውን? በእኛ አገር የመኪና መታወቂያ በሆነው ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይጻፋል። ሻንሲው ሲወጣ ስሙም አብሮ ይወጣል ማለት ነው። እንግሊዞች ለብዙ ዓመታት በሠሩበት መመሪያ እንዲህ ያለው ለውጥ የተደረገበት መኪና በነጥብ ይመዘን ነበር፤ ላልተለወጠ ሻንሲ 5፥ ለባሌስትራው፥ ለአክስሉ፥ ለማርሹና ለመሪው እያንዳንዳቸው 2፥ ለሞተሩ 1 ነጥብ ይሰጣል። የቀድሞ ቁጥሩን ይዞ ለመቆየት ቢያንስ 8 ነጥብ፥ ከዚያም ውስጥ የሻንሲውን 5 ማግኘት ነበረበት። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ውጫዊ አካል ግን አንድ ነጥብ እንኳ አልተሰጠውም። ሕጉ የፈረደው ለተሸካሚው ነው።

የዓለም የጥንት ተሽከርካሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2012 በቱሪን ባጸደቀው ቻርተር የጥንት ተሽከርካሪ እንደ ሌላው ቅርስ ሁሉ የታሪክ ምስክር መሆኑንና የሚደረግበትም ለውጥ በጽሑፍ መመዝገብ እንደሚገባው አስታውቋል።

ይህ ሲባል ሻንሲ ከቶ አይነካ ማለት አይደለም። በየጠቅላይ ግዛቱ የመንግሥት ሠራተኞችን ስታመላልስ የኖረችውን ላንድሮቨር እንውሰድ። አካሏ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲዋ ግን ብረት ነውና ከውስጥ ዝጎ ያልቃል። እንዲህ በሆነ ጊዜ በአሠራሩ ያንኑ የሚመስል ሻንሲ ማግባት የተቀደደ ጫማን ሶል እንደ መለወጥ ያለ ጥገና ነው። ባሕርይዋን በሚለውጥ ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ ግን ጥገና ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ ስም መስጠት አይገባም።

እንግዲህ ፍርዱ እንደ መኪናው አገልግሎት ሊለያይ ይገባዋል። እንጀራ የሚጋገርበት፥ ሰው የሚመላለስበት መኪና ከሆነ፥ የሰው ሕይወት ከማናቸውም ቅርስ ይበልጣልና፥ ያረጀው ተሸካሚ በሚሻለው ይተካ፤ ነገር ግን በግምት ሳይሆን ክብደቱንና ፍሬኑን ባሰላ መሐንዲስ ምክር ይሁን። ለምስክርነት የሚቀመጥ መኪና ከሆነ ግን የታችኛው ብረት እንዳለ ይቆይ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን መኪና መሆኑን እናስታውሳለን። የቮልስዋገን አካል ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነውና ነጥሎ በሌላ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሥሩ ተለውጦ ቅርፊቱ ብቻ ቢቀር ለተመልካች ዐይን ያው ይመስላል፤ የታሪክ ጸሐፊ ግን ግማሽ ምስክር ይዞ ይቀራል።

ለውጡ ግድ የሆነ እንደ ሆነም ሦስት ቀላል ሥራዎች አሉ። የወጣው ሻንሲ ወደ ብረት ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት ቁጥሩ ይጻፍ፤ ፎቶግራፉ ይነሣ፤ ማን፥ መቼ፥ ስለ ምን እንደ ለወጠው በመዝገቡ ላይ ይስፈር። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ነው። በጋፋት እንዲህ ያለ ጸሐፊ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ መቅደላ ላይ ቆመን መድፉን ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ ገደል ያሻገረውን ሠረገላና የባለ እጆቹን ጥበብ ጭምር ለልጆቻችን ለማሳየት በቻልን ነበር።