«ሥራህ ምንድን ነው?» ፦ የጀርባ ሕመም አጭር ታሪክ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን የላይኛው ጀርባዬ አላስተኛ ብሎኝ ሰነበተ። ከማጅራቴ ተነስቶ በሁለቱ ትከሻዎቼ መሃል እንደ ሚስማር ይወጋኛል። መቼም ለታመመ ሰው ሐኪም አይጠፋም፤ እናቴ «ብርድ ነው» አለች፣ ጎረቤታችን «ዲስክ ነው፣ እንዳትነቃነቅ» አለ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደግሞ «ወጌሻ ጋ ሂድ» አለኝ። እኔም በሕመሙ ሰበብ የጀርባ ሕመምን ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከግብፅ እንጀምር። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ሉክሶር ላይ አንድ ፓፒረስ ገዛ። ዕድሜው 3,600 ዓመት ገደማ ነው። በውስጡ የ48 ሕመምተኞች ሁኔታ በተራ ተጽፏል፤ የመጨረሻው አከርካሪው ወለም ያለው ሰው ነው። ጽሑፉ እግሩን አዘርጋው፣ አሳጥፈው፣ ይህ የሚታከም ሕመም ነው፣ በጀርባው አስተኛው ይልና... ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል! ቀጥሎ ምን ይደረግለት እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አሁን ወደ ጣሊያን እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። ከሂፖክራተስ ጀምሮ ሐኪሞች በሽተኛን ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ ጨመረ፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» ስለ ሸክም ተሸካሚዎች ጻፈ። ስለ ጸሐፊዎችም ሲጽፍ የሚጎዳቸው ሦስት ነገር ነው አለ፦ ሁሌ መቀመጥ፣ እጅን በአንድ ዓይነት መንገድ ማመላለስና የሐሳብ ውጥረት። ይህ ሰው ኮምፒውተር አላየም እኮ! ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶቻችንንስ ጀርባቸውን ሲያማቸው ይህንን ጥያቄ ስንቱ ጠይቋቸዋል?

እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተር እና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የዲስክ መንሸራተት ነርቭን እንደሚጫን አሳዩ። ትልቅ ግኝት ነበር። በዚያ ዘመን ጀርባውን ለታመመ ሰው የሚታዘዘው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አልጋ ላይ መተኛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የፊንላንድ ጥናት ግን በተቻላቸው መጠን የዕለት ኑሯቸውን የቀጠሉት፣ ተኙ ከተባሉት ቶሎ እንደሚያገግሙ አሳየ። ጥናቱ የታችኛውን ጀርባ የሚመለከት ነው። የላይኛው ጀርባ ደግሞ ከጎድን አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እዚያ ዲስክ ነርቭ ሲጫን እምብዛም አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚያመን የደከመ ጡንቻ ነው። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ስልክ ላይ ስናቀረቅር ያንን ሁሉ ተሸክሞ የሚውለው የማጅራትና የትከሻ ጡንቻ ነው።

ግን ጡንቻ ነው ብሎ መተውም ያስጠይቃል። የአክስቴን ልንገራችሁ። ወራት ሙሉ የላይኛው ጀርባዋን አመማት። ታሸች፣ ማስታገሻ ዋጠች። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ እኛ ግን «ዕድሜ ነው» አልን። እግሯ ሲከዳት ነው ሆስፒታል የወሰድናት። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጻፈለት በሽታ ነው፤ ጀርባ ያጎብጣል፣ እግር ያዝላል። አክስቴ በመድኃኒቱ ዳነች፤ ጀርባዋ ግን እንደጎበጠ ቀረ። ቀድመን ብንጠይቃት ኖሮ!

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ተራ ሕመም ከሆነ አትተኙለት። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ ትከሻችሁን ወደ ኋላ ሳብ እያደረጋችሁ ልቀቁ፣ ስልካችሁን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉ፣ በሞቀ ፎጣ ያዙት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ካለ ግን ከመታሸት በፊት ሐኪም ይየው። ሕመሙ ድንገት ከደረት ጋር ከያዛችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉ።

እኔም በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ነው። ራማዚኒን አስታውሼ ሳቅኩ። ይኸው ይህንን የጻፍኩት ቆሜ ነው።

እናንተስ ቤት እናት፣ አባት፣ አክስት «ጀርባዬን» እያሉ ነው? ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ጤና ይስጥልን!