ባሕር የማይደርሰው የኮልፌ ውኃ

የባሕር ፍጥረታትን ስለ መጠበቅ ሲነሣ፣ የባሕር በር ለሌላት አገር ጉዳዩ የሩቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች የውኃ ውስጥ ሕይወት ከደጃፍ እንደሚጀምር ያሳያሉ። ጅረቶቹ ትንሹ አቃቂን ይመግባሉ፤ እርሱም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከትልቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። በመሆኑም ከከተማዋ የታጠበ ቆሻሻ ከአገር አይወጣም፤ በመንገዱ ያሉት ሐይቆችና ማሳዎች ይቀበሉታል።

በጤነኛ ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ሥር የልዩ ልዩ ነፍሳት እጮች ይኖራሉ፤ የዓሣ ቀለብም እነርሱ ናቸው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ሲለቀቅበት ግን ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ለማብላላት በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይፈጁታል። ንጹሕ ውኃ የሚሹት እጮች ቀድመው ይጠፋሉ፤ ጥቂት ቀያይ ትሎች ብቻ ይቀራሉ። ወንዝ መታመሙን ለማወቅ ሁልጊዜ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ድንጋይ ገልብጦ ማየት ብዙ ይናገራል።

ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፎረስም ይዞ ይወርዳል። አርሶ አደሩ በዩሪያና በዳፕ የሚያውቃቸው እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሐይቅ ውስጥ ሲገቡ የሚያፋፉት እንቦጭን ነው። አረሙ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ሲሆን፣ በጣና የታየው በ2011 ነው። እንቦጭ የውኃውን ገጽ ሲሸፍን ከሥሩ ብርሃንና አየር ያጥራል፤ ቆሮሶው ይሸሻል፣ መረቡም ይተበተባል። በቆቃ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ደግሞ መርዝ ስለሚያመነጭ ለሚጠጡት ከብቶችም አደገኛ ነው። በአቃቂ ዙሪያ በዚሁ ወንዝ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት በሁለቱ ወንዞች 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው። ዳርቻው ማማሩ መልካም ነው፤ ዓሣ ግን በአበባ አይኖርም። ወሳኙ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦዮች የተቀጠሉት የመጸዳጃ ቱቦዎች መነቀላቸውና የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ አለመለቀቁ ነው። ይህ ከሆነና በላይኛው ተፋሰስ ያሉት ምንጮች ንጹሕ ሆነው ከቆዩ፣ እጮቹ ከውኃው ጋር እየወረዱ፣ ክንፍ ያወጡትም እየበረሩ የታችኛውን ወንዝ መልሰው ይይዙታል።