የላምብሩስኮ አረፋና አተላው

ዛሬ ከፒዛ ጋር ተስማሚነቱ የሚነገርለት ላምብሩስኮ የተባለው የሰሜን ኢጣልያ ቀይ ወይን ጠጅ፣ በሞዴናና በሬጆ ኤሚልያ ገበሬዎች ዘንድ አረፋውን የሚያገኘው በመኪና ሳይሆን በወቅቶች መፈራረቅ ነበር። በመከር የተጨመቀው ወይን መብላላት ከጀመረ በኋላ በብርዱ ወራት ሥራውን ያቋርጣል፤ ስኳሩ ሳያልቅም በጠርሙስ ይታሸጋል። ሙቀት ሲመለስ እርሾው ዳግመኛ ይነሣል፤ የሚወጣውም ጋዝ መውጫ አጥቶ ከመጠጡ ውስጥ ይሟሟል። አተላው አብሮት ስለሚቀር፣ በእኛ አገር ጉሽ ጠላ እንደምንለው፣ ደፍረስ ብሎ ይጠጣል።

ይህ አሠራር እንከን አልባ አልነበረም። የቀረው ስኳር ከበዛ ግፊቱ ጠርሙሱን ይሰብራል፤ አንዱም ጠርሙስ ከሌላው አይመሳሰልም። ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ እ.ኤ.አ. በ1895 መብላላቱን ግፊት በሚችል ትልቅ ጋን ውስጥ የሚያከናውን ዘዴ አስመዘገበ፤ ፈረንሣዊው ኢዤን ሻርማም በ1907 አሻሻለው። ከዚህ በኋላ ላምብሩስኮ ተጣርቶና በዋጋ ረክሶ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ አሜሪካ በገፍ ተላከ።

ይሁን እንጂ አተላው ጉድፍ ብቻ አልነበረም። እርሾው ኦክሲጅንን እየሳበ ጠጁን ከመበላሸት ይጠብቀው ነበር። ሲጣራ ጠባቂው አብሮ ተወገደ፤ ሥራውም ለሰልፈር ውሑድ ተተወ። ብዙዎች ጣዕሙንም ጣፋጭ አደረጉት። ዛሬ አንዳንድ ቤተሰቦች ከየራሳቸው የወይን ቦታ ለቅመው ወደ ጠርሙሱ ብልሃት ተመልሰዋል። ኮምጣጣነቱና አረፋው የፒዛውን አይብ ቅባት ከአፍ ያጥባሉ።

እንግዲህ ነባር አሠራርን ስናሻሽል፣ የምናስወግደው ነገር ምን ተግባር ያከናውን እንደነበር አስቀድሞ መመርመር የሙያችን ግዴታ ነው።