ከ«ሐዲስ» ወደ «ዐዲስ»፦ በአማርኛ የጠፋው የጉሮሮ ድምፅ

ስለ ሞክሼ ፊደላት ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ይደጋገማል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ተቀላቅለው አንድ ድምፅ ሆነዋል ይባላል። ፊደል ይቀነስ የሚለውም ይጠበቅ የሚለውም ወገን ይህን ሳይመረምር ተቀብሎታል። አባባሉ ግን ቢበዛ ግማሽ እውነት ነው። ማስረጃው በሁለት መዝገበ ቃላት ርእስ ላይ ተጽፎ ሳለ ልብ ያለው ጥቂት ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ ርእስ «ሐዲስ» በሚለው ቃል ያበቃል፤ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ደግሞ «ዐዲስ» ብሎ ይጀምራል። ቃሉ አንድ ነው፤ የፊተኛው ግእዝ፣ የኋለኛው አማርኛ። ለቃል ሥር የሚሟገቱት ደስታ ሐን የተዉት፣ ሐ በአማርኛ አፍ ወደ ሀ ስላልተለወጠና ጨርሶ ስለጠፋ ነው።

ግእዝ የአማርኛ ቀጥተኛ እናት መሆኑ ባይረጋገጥም የጥንቱን ድምፅ ለመመስከር ይበቃል። የጉለሌ ሰው «አሰበ» ይላል፣ ስሙን ግን «ሐሳብ»፤ «አምስት» ብሎ ይቆጥራል፣ ቀኑን ግን «ሐሙስ» ይላል። የግእዙ ሥር ሐሰበ እና ኀምስ ነው። ግሡና ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ ተወርሰው ጉሮሯቸውን ጥለዋል፤ ስሞቹ በቤተ ክህነትና በጽሕፈት በር ተመልሰው ገብተዋል። ከጉለሌ በላይ በእንጦጦ የሚቀደሰው ግእዝ ሦስቱን በአንድ ሀ ያነባል፤ ቅልቅሉ እውነት የሚሆነው እዚያ፣ በንባቡ ነው። በየዕለቱ ንግግራችን የምንሰማው ህ ደግሞ በብዛት ሌላ ምንጭ አለው፦ ሆነ፣ ሁሉ፣ ሁለት በግእዝ ኮነ፣ ኵሉ፣ ክልኤቱ ናቸው። «አገር» እና «ሀገር» ጎን ለጎን መኖራቸው ዝም ብሎ መዘበራረቅ ነው የሚል ካለ፣ ሁለቱን በሮች ገና አላያቸውም።

የሄደው ድምፅ ዱካውን ትቷል። ሰምዐ፣ በልዐ፣ ረስዐ በአማርኛ ሰማ፣ በላ፣ ረሳ ሆኑ፤ ሰሐበ፣ ሰዐመ፣ ጸዐነ ደግሞ ሳበ፣ ሳመ፣ ጫነ። ጉሮሮው ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱን አናባቢ ወደ ራብዕ ስቦታል። አካድኛም ዐን ሲያጣ አናባቢውን ወደ ኤ ሳበው፤ የእኛ «ባል» እና የአካድኛው «ቤል» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ማልታዎች ዐን በአፋቸው ቢያጠፉም በጽሕፈት ይዘውታል።

ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማውያን ቋንቋዎች ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ከጻፉ ወዲህ፣ የጉሮሮውንም መጥፋት በኩሽ ማሳበብ ይቀናል። የትኛው ኩሽ? ኦሮምኛ ሐ እና ዐ የለውም፤ ሶማልኛና አፋርኛ ግን ሁለቱንም ጠብቀዋል። ተጽዕኖው የአገው ነው ቢባል፣ ብሊንም አገው ናት፤ ሁለቱንም ታሰማለች። ከትግረ ተውሳው ነው የሚል መልስ ይቻላል፤ መበደር እንደ መመለስ የሚቀል ከሆነ ግን የአማርኛውን መጥፋት ለጎረቤት ማስረከቡ ራሱ ትርጉም ያጣል። ሐረሪ በኦሮምኛ ተከባ እያለች ሐን አልጣለችም። የጎረቤት ግፊት ምንም ድርሻ የለውም ለማለት አልደፍርም፤ ብቻውን ግን አያስረዳም። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሁሉ በየቃሉ አጠገብ የትኛው የተወረሰ፣ የትኛው በንባብ የገባ እንደሆነ ይጻፉልን።