የመንገደኛ ገድ፦ ከወፍ በረራ እስከ መኪና መስታወት

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ሰው መንገድ ሲወጣ ስለሚያንጠለጥለው ሒርዝ፣ ስለሚያየው ገድና ስለሚፈራው ምልክት እንነጋገራለን። ርዕሱ ቀላል ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከአቂዳችንም፣ ከሰው ሕይወትም ጋር የተሳሰረ ጉዳይ ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ሀይሌ ጋርመንትን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሹፌር ጥቂት ነው። በተለይ የአትክልትና ፍራፍሬው ገበያ በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች፣ ከጀሞና ከለቡ የሚመጡ ሚኒባሶች፣ ባጃጆችም ይተራመሱበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ቆሞ የመኪኖችን የፊት መስታወት ያስተዋለ ሰው ብዙ ነገር ያያል። አንዱ መቁጠሪያ፣ ሌላው ተስቢሕ፣ ሌላው በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ ሌላው ሰማያዊ የዐይን ቅርጽ ያለው ጨሌ አንጠልጥሏል። የማለዳውን የመጀመሪያ ተሳፋሪ አይቶ የቀኑን ገቢ የሚገምትም አይጠፋም። ገደኛ የተባለው ሰው ይመረቃል፤ ገደ ቢስ የተባለው በክፉ ዐይን ይታያል።

ይህን የምናነሳው የማንንም እምነት ለመንካት ወይም በሹፌሮች ለመሳለቅ አይደለም። የተማረው ክፍልም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። በዘመናችን 13ኛ የመቀመጫ ረድፍ የሌላቸው አውሮፕላኖች የሚያበሩ አየር መንገዶች አሉ። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ይህ ልማድ ከየት መጣ? ኢስላምስ በምን ተካው?

ወፍና ፍላጻ

በጃሂሊያው ዘመን ዐረቡ ለጉዞ ሲነሳ ወፍ ያስበረግግ ነበር። ወፏ ወደ ቀኝ ከበረረች ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ወደ ግራ ከበረረች ይመለሳል። በዐረብኛ በገድ ማመን «ጢየራ» የተባለውም ወፍ ከሚለው ቃል ተነስቶ ነው። ሌላው ዘዴ «አዝላም» የሚባሉ ላባ የሌላቸው ፍላጻዎች ነበሩ። በአንዱ ላይ «ጌታዬ አዞኛል»፣ በሌላው ላይ «ጌታዬ ከልክሎኛል» የሚል ምልክት ይደረግና ሦስተኛው ባዶ ይተዋል። ባዶው ከወጣ ዕጣው ይደገማል። በከዕባ ውስጥ በነበረው ሁበል በተባለው ጣዖት ፊትም በፍላጻ ዕጣ ይወጣ ነበር።

በ622 እ.ኤ.አ. ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና ሲሰደዱ ቁረይሾች ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ደም ካሳ፣ ማለትም 100 ግመል፣ ሽልማት አወጁ። ሱራቃ ኢብኑ ማሊክ ፈረሱን ጭኖ ተከተላቸው። በመንገድ ላይ ፍላጻዎቹን አውጥቶ ዕጣ ጣለ፤ የማይወደው ወጣ። ይሁንና 100 ግመል በዐይኑ ላይ ነበርና አልተመለሰም። በቀረባቸው ጊዜ የፈረሱ የፊት እግሮች በአሸዋ ውስጥ ሰመጡ። በመጨረሻ ደኅንነት ለምኖ፣ የአማን ጽሑፍ ተቀብሎ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላም ሰለመ።

«እንዲያውም ፍላጻዎቹ እውነት ተናግረዋል» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ገድን በሕይወት የሚያቆየው ይኸው አንድ ጊዜ መግጠሙ ነው። የገጠመው ሲወራ ይኖራል፤ ያልገጠመው ሺህ ጊዜ ይረሳል። ደግሞም ሱራቃ ራሱ ፍላጻው ያለውን አልሰማም። ያስቆመው አላህ እንጂ እንጨት አልነበረም።

የኛ አገር ነጋዴ

ወደ አገራችን ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በትግራይ ተቀምጦ ነበር። በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች «ጉዲ ጉዲ» ስለሚሏት ጭልፊት መሰል ወፍ ጽፏል። መንገደኛው ሲያያት ሰላምታ ያቀርብላታል። ደረቷን ካሳየችው መንገዱ ይሰምራል፤ ጀርባዋን ካዞረችበት ግን ልቡ ይሸበራል። በቀይ ባሕር ማዶ የነበረው የጃሂሊያ ልማድ በስም ተለይቶ በኛም ተራራ ላይ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ከምጽዋ ተነስቶ በጎንደርና በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል እስከ ጊቤ አገሮች በሚዘልቀው የንግድ መስመር ላይ ከሚጓዙት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ ጀበርቲዎች ነበሩ። መንገዱ ወራት ይፈጃል። ሽፍታ አለ፤ ኬላ አለ፤ የዓባይ በረሃ ወባ አለ፤ የሞላ ወንዝ አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቆዳ የተሰፋ ክታብ በአንገቱና በክንዱ ቢያስር ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ስህተቱ ፍርሃቱን ያስያዘበት ቦታ ነው።

ከግመል አንገት የተቆረጠው ገመድ

ዐረቦች ግመላቸውን ከክፉ ዐይን ይጠብቅልናል ብለው የቀስት አውታር በአንገቷ ያስሩላት ነበር። አቡ በሺር አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) እንዳወሱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ጉዞ ላይ መልእክተኛ ልከው በማንኛውም ግመል አንገት ላይ እንዲህ ያለ ገመድ ሳይቆረጥ እንዳይቀር አዘዙ። እንግዲህ ይህ ትእዛዝ የተሰጠው በጉዞ መካከል፣ ስለ መጓጓዣ ነበር። የዚያን ዘመን መኪና ግመል እንደነበረች ካስታወስን ነገሩ ሩቅ አይሆንብንም።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ ሑነይን ሲዘመትም አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሙሽሪኮች መሣሪያቸውን ለበረካ ከሚሰቅሉበት ዛፍ ጋር የሚመሳሰል ዛፍ ለእነርሱም እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥያቄውን በኒ ኢስራኢሎች ሙሳን (ዐ.ሰ) ጣዖት እንዲያደርግላቸው ከጠየቁት ጋር አመሳሰሉት። ቁርኣን ተጽፎ ስለሚንጠለጠልበት ሁኔታ ግን የቀደምት ዑለማዎች አስተያየት የተለያየ ነው። የፈቀዱ አሉ፤ እንደ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያሉት ደግሞ ጠልተውታል።

ኢስላም ግን ነጥቆ ባዶ እጅ አላስቀረም። አዝላም በሱረቱል ማኢዳ ሲከለከል በውሳኔ ለተቸገረ ሰው የኢስቲኻራ ሶላት ተሰጥቶታል። በገመዱ ፈንታ የመንገድ ዱዓ አለ። ከዱዓው ጋር ደግሞ ጥንቃቄ አለ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ያሰበ ሰው መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ መታዘዙን ብዙዎቻችን እናውቃለን።

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰዎችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው ሲሉ መለሱ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ዓሊ (ረ.ዐ) ወደ ነህረዋን ሊዘምቱ ሲሉ አንድ ኮከብ ቆጣሪ በዚህ ሰዓት ከወጣህ ትሸነፋለህ አላቸው። እርሳቸው ግን በዚያው ሰዓት ወጥተው አሸነፉ።

ሁለቱን አብረን እናስተውል። አንዱ ከመንገድ ተመለሱ፤ ሌላው አልተመለሱም። ሁለቱም ተወኩል ነው። ወረርሽኝ እውነተኛ ሰበብ ነው፤ ኮከብ ግን በሰው መንገድ ላይ ሥልጣን የለውም። ሙስሊም ከሰበብ ይጠነቀቃል፤ ከወህም ግን አይሸሽም።

ታዲያ ዛሬስ?

የተላጨ ጎማ፣ የላላ ፍሬን፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሹፌርና ከልክ በላይ የተጫነ አይሱዙ እውነተኛ ሰበቦች ናቸው። የተንጠለጠለው ነገር ትልቁ ጉዳቱ ልብን አሳርፎ እጅን ከእነዚህ ማዘናጋቱ ነው። ክታብ ጠብቆኛል ያለ ሰው ፍሬኑን ለነገ ያሳድራል። ከኋላው ግን 12 ነፍስ ተሳፍሯል።

ሁለተኛው ጉዳት በሰው ላይ ነው። ወፍ ገደ ቢስ ብትባል አይሰማትም። በማለዳ ባዶ ጀሪካን ይዛ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት፣ ወይም በጠዋት ታክሲ የተሳፈረ ምርኩዘኛ አባት ግን ይሰማቸዋል። ባልሠሩት ጥፋት ፊት ይጠቆርባቸዋል። ይህ ሺርክን ከሚያስፈራው በር ጋር ግፍንም የሚጨምር ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ጠዋት መኪና ስናስነሳ ቢስሚላህ እንበል፤ የመንገድ ዱዓችንን እናድርግ፤ ፍሬንና ጎማችንን እንይ፤ ቀበቷችንን እንሰር። የመጀመሪያውን ተሳፋሪ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በፈገግታ እንቀበል። አላህ (ሱ.ወ) መንገዳችንን ሰላም፣ ልባችንንም በእርሱ ላይ ብቻ የተመካ ያድርግልን። አሚን።